ጽዋው ያለፈኝ ዓመት

መጀመሪያ የተላቀቀው የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ጥፍር ነበር። አላመመኝም። ቢያመኝ ኖሮ ቶሎ አስብበት ነበር። ጫፉ ላይ ነጣ አለ፤ ከዚያ ንጣቱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። ጥፍሩ በቦታው አለ፤ ሥጋው ግን ከሥሩ ሸሽቷል። በሁለቱ መካከል ክፍተት ተፈጠረ፤ ሳሙናም፣ አፈርም፣ የነጠላ ክርም እየገባ ይቀመጥበታል።

የምኖረው ቢቸና ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምተዳደረው የሰው ነጠላና ቀሚስ በማጠብ ነው። አጣቢ ብሎ መናቅ ይቻላል፤ የናቁኝም አሉ። ነገር ግን ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሰርግ ነጭ መልበስ የፈለገ ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። የአገር ልብስ ማንጣት ሙያ ነው። ጥለቱ እንዳይነካ በላስቲክ ጠቅልሎ አስሮ ነጩን ብቻ መንከር፣ ሳይጎትቱ መጭመቅ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ማስጣት፤ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከእናቴ ነው። እሷ በእንዶድ ታጥብ ነበር፤ እኔም በእንዶድ ጀመርኩ። በኋላ ሰው ቸኮለ። ሐሙስ አምጥቶ ለቅዳሜ ይለኛል። እኔም በረኪና ገዛሁ። በረኪና ባንድ ቀን ያነጣል። ለብዙ ዓመት እጄ ከጠዋት እስከ ማታ በረኪና ባለበት ውሃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ኖረ፤ አንድ ቀንም ስለ እጄ አስቤ አላውቅም።

ስለ እጄ ሁልጊዜ የምታስብልኝ የባሌ ታላቅ እህት ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እታለም ብዬ ነው የምጠራት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልላትም። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ አገላብጣ አየችና ለተሰበሰቡት ሴቶች፦ «ለሥራ የተፈጠረ ነው፤ ለቀለበት አይሆንም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሙሽራ ምን ታደርጋለች። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። እሷ ረስታዋለች፤ እኔ አልረሳሁትም።

የማርያም ማኅበር አለን። ዐሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ በየወሩ በሃያ አንድ በተራ እንደግሳለን። የድግሱ ባለቤት በልተን ጠጥተን ስናበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች፤ ቄሱ ይጸልዩበታል። የእኔ ተራ ሐምሌ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ጽዋውን ልቀበል ነጠላዬን አደግድጌ ተነሣሁ፤ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ የተላቀቁት ጥፍሮች ሁለት ሆነዋል። የባሌ እህት ከቄሱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«እጅሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነ፣ እታለም። ሳሙና ነው።»

«ሳሙና ጥፍር ይነቅላል እንዴ? እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ በሳሙና አይደል የታጠብኩት።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጣቴን አየች፤ አልነካችውም።

«ውስጡ ቆሻሻ ይዟል» አለች። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞራ፦ «አባ፣ ለጊዜው ጽዋው ይለፋት። ምስኪን ናት፤ እጇ ይዳን። ጽዋው የት ይሄዳል?»

ድምፅዋ የርኅራኄ ነበር። በቁጣ ብትናገረው መልስ አገኝላት ነበር። ለርኅራኄ ግን ምን ይመለሳል? ቄሱ ዓይናቸውን ከምንጣፉ ሳያነሡ ጽዋውን ከእኔ ቀጥላ ለነበረችው ሴት ሰጧት፤ የእኔንም ወር የራሷንም ወር እሷ ልትደግስ ሆነ። እኔ ሁለት እጄን እንደዘረጋሁ ነበርኩ። መቼ እንዳጠፍኳቸው አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለኝም። በእኛ አገር ጣት የሚበላ በሽታ ስሙ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ስሙ ሳይጠራ ግን ሥራው ተሠራ። ጎረቤት ለልቅሶ ብሄድ ለእኔ የሚቀዳበት ብርጭቆ ለብቻው ሆነ። ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ቢላ ሳነሣ፦ «አንቺ ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» ይሉኛል። ደክሞኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። ነጠላቸው ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ከእጄ መብላት የፈሩት ሴቶች፣ በእጄ የታጠበውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። ይህን ያስተዋለው ከእኔ በቀር ማንም የለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ቆሻሻ ይዟል ስላለች ቆሻሻውን ላወጣ ተነሣሁ። ስፌት የምሰፋበት ወስፌ ነበረኝ፤ ጫፉ እንደ መርፌ የሰላ። ሥራ ስጨርስ በራፌ ላይ እቀመጥና የወስፌውን ጫፍ ከጥፍሬ ሥር አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር እፍቃለሁ። ነጭ እስኪሆን ድረስ። ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ክፍተቱ ሰፍቶ አገኘዋለሁ፤ ስለሰፋም የበለጠ ቆሻሻ ይዟል፤ ስለያዘም የበለጠ እፍቃለሁ። ሎሚ ጨመቅሁበት። ጨው አሸሁበት። አንድ ቀን ደግሞ ውሃ ያልገባበት በረኪና በኩባያ ቀድቼ ጣቶቼን ነከርኩ፤ ነጠላን ካነጣ ጥፍርን ምን ይሳነዋል ብዬ። ሐምሌ ሲያልቅ አራት ጥፍር ሆነ። ነሐሴ ላይ ስድስት።

በነሐሴ ሴቱ ሁሉ እንሶስላ ይሞቃል። ሥሩ ከገበያ ይመጣል፤ ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ሲፈታ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የክረምት ጌጥ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ትቼው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቀይ ጥፍር ነጩን ይደብቅልኛል ብዬ ሞቅሁ። እጄ በርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ዋለ፤ አደረም። ስፈታው ቀለሙ በተላቀቀው ጥፍር ሥር ገብቶ እንደ ደረቀ ደም ጠቁሯል። የሸሸግሁትን በቀለም ከበብኩት ማለት ነው።

እንደዚያም ሆኜ ለነሐሴ ማኅበር ሄድኩ። ከማኅበር ቀርቼ አላውቅም። ብቀር ያመንኩ ይመስላቸዋል።

የባሌ እህት ገና ስገባ አየችው። «እንሶስላው አምሮብሻል» አለች።

«ይመስገን፣ እታለም።»

«አይ፣ ከላዩማ አምሯል። ከሥሩ ያለውን ማን አየው?»

አጠገቧ ያለችው ሴት እንዳትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ያችን ነጠላ ያጠብኳት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ የተቀመጥሁት ስለ እሷ እያሰብኩ አልነበረም። እውነት ቢሆንስ? ብዬ ነው። እሷ ክፉ ናት፤ ክፉ ሰው ግን ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት አይደለም። እውነት ከሆነ ጽዋው ለዘለዓለም አለፈኝ። ከእጄ የሚበላ ሰው አይኖርም። ለእኔ ደግሞ ሰው አብልቶ መሸኘት ማለት ከሰው ተራ መቆም ማለት ነው፤ ሌላ የምቆምበት ነገር የለኝም።

ቢቸና ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ብታከም ካርዴ ሳይወጣ ወሬው ቤቴ ይደርሳል። ስለዚህ በመስከረም ሞጣ ሄድኩ። ሞጣ አንዲት ነጋዴ አለች፤ ሙስሊም ናት፤ አባትና አያቷም እዚያው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ። ቢቸና ገበያ ስትመጣ አዲስ የተሸመነውን ነጠላ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ የመጀመሪያውን እጥበት እኔ አጥቤላት ትሸጠዋለች። ከተዋወቅን ሃያ ዓመት ሆኖናል። መኪናው ጉንደ ወይን ላይ ብዙ ስላስቆመን ሞጣ የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነበር። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ሱቋ ገባሁ።

«ምን ይዘሽ ነው የምትደብቂው?» አለችኝ። «ከገበያ ሰርቀሽ ነው?»

አወጣሁት። ሁለቱንም እጄን በእጇ ያዘች፤ ጥፍሮቼን በአውራ ጣቷ ተራ በተራ ዳሰሰቻቸው። ሦስት ወር ሙሉ እጄን የነካው ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«ሰዉ ምን አለሽ?»

«ዝም አለ።»

«ዝም ያለ ሰው ነው ክፉ። የሞጣ ሰው ቢሆን ፊት ለፊት ሰድቦሽ ይገላግልሽ ነበር።»

«የሞጣ ሰው ከቢቸና ሰው ይሻላል ልትይኝ ነው?»

«በስድብ ይሻላል» አለችና ለመንገድ የያዝኩትን ቆሎ ከመዳፌ ላይ ዝግን አድርጋ ወሰደች። እያኘከች ሱቁን ዘጋችና ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ባለሙያው ልጄ የሚሆን ሰው ነው። መጀመሪያ ስለ ጥፍሬ አልጠየቀኝም፤ አንገቴን አየ። እንቅርት እንዳለኝ፣ ልቤ በኃይል እንደሚመታ፣ ያለ ምክንያት እንደከሳሁ ጠየቀ። ክርኔና ራሴ ላይ ቅርፊት የሚያወጣ ቆዳ ካለ ብሎ ፈለገ። የምወስደው ኪኒን እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት። ጥፍር ከሥጋው የሚላቀቅበት ምክንያት ብዙ ነው አለኝ፤ የእንቅርት በሽታ ያመጣዋል፣ የቆዳ በሽታ ያመጣዋል፣ ፈንገስ ያመጣዋል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ከፀሐይ ጋር ሆኖ ያመጣዋል።

«ልጄ» አልኩት፣ «እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ያ ነገር ነው ወይስ አይደለም?»

ገባው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እማማ» አለኝ። ጥቂት ጥጥ አንሥቶ አሹሎ እጄን በጥጡ ይነካ ጀመር። «ሲሰማዎት ቦታውን በጣትዎ ያሳዩኝ።» ጨፈንኩ። ጥጡ የሌለ ያህል ቀላል ነው። ትንሿ ጣቴ ላይ ነካ፤ አሳየሁት። የመዳፌ ጀርባ ላይ ነካ፤ አሳየሁት። ክንዴ ላይ፤ አሳየሁት። አንዱንም አልሳትኩም። ከዚያ ክርኔ አካባቢ ያለውን ጅማት በጣቱ ጨብጦ አየ፤ ቆዳዬን በብርሃን መረመረ። «አይደለም» አለኝ። «ደግሞም ያኛው በሽታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ብርጭቆ የሚያስለይ አይደለም።» ስለ ብርጭቆው አልነገርኩትም ነበር። ብዙ ሰው አይቷል ማለት ነው።

ከጥፍሬ ሥር ጥቂት ፍቆ ለላቦራቶሪ ላከ። ፈንገስ የለም ተባለ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«በምን ያጸዱታል ጥፍሩን?»

«በወስፌ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በወስፌ?»

«ሌላ በምን ይጸዳል?»

«እማማ፣ ጥፍር ከሥጋው ጋር የተጣበቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲርስ፣ ሲደርቅ፣ እንደገና ሲርስ ማጣበቂያው ይላላል። በረኪናው ደግሞ ይበላዋል። የተረፈውን እርስዎ በወስፌ ፈነቀሉት። ይህ የቆሻሻ በሽታ አይደለም። ንጽሕና በዝቶ ነው።»

ነጋዴዋ ከኋላዬ ቆማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ይህችን ነገር በወረቀት ጻፍልኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ማንበብ ለሚችል ሰው።»

ጻፈልኝ። ከዚያ ጥፍሮቼን ይቆርጥ ጀመር። የተላቀቀውን ሁሉ፣ ከሥጋው ጋር እስከተያያዘበት ድረስ፣ ቆረጠው። አያምም። ሲጨርስ እጄ የተነጨ ዶሮ መሰለ። የተላቀቀ ጥፍር ተመልሶ አይጣበቅም አለኝ፤ ሊለጥፉት አይሞክሩ፣ የሚመጣው ከሥር አዲስ ሆኖ ነው፤ ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። እጄን በየጊዜው በደንብ እንዳደርቅ፣ ውሃ ስነካ ከውስጥ የጥጥ ጓንት ከላይ የላስቲክ ጓንት እንዳደርግ፣ በረኪናውን እንድተው፣ ጥፍሬን አጭር እንዳደርግ፣ እስኪድን ድረስ እንሶስላም ቀለምም እንዳልቀባ ነገረኝ። ከእጥበት በኋላ ቫዝሊን። ከጥፍሩ ሥር ምንም፣ መርፌም ስንጥርም፣ እንዳላስገባ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ካበጠና ካመመኝ ቶሎ እንድመለስ።

ወረቀቱን ለማንም አላሳየሁም። ስመለስ መኪና ላይ አሰብኩበት። ወረቀት ዘርግቼ ንጹሕ ነኝ፣ ብሉልኝ ብዬ ልለምን? ጥፍሬ ራሱ ይናገር አልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ጓንቱ አልነበረም። ጓንቱን ያዩ ደንበኞቼ «ቀዶ ጥገና ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ፤ ለምደው ተዉኝ። በሳሙናና በፀሐይ ማንጣት ሳምንት ይፈጃል፤ ለሚያጉረመርሙት «የቸኮለ ቢጫውን ይልበስ» አልኳቸው። የሄዱም አሉ፤ የተመለሱም አሉ። የከበደኝ አለመፋቅ ነበር። ሥራ ጨርሼ ስቀመጥ እጄ ራሱ ወስፌውን ይፈልጋል። የተቆረጠው ጥፍር ሥር ጥቁር ነገር ቢታየኝ ሰውነቴ ሁሉ ይበላኛል። በኋላ ወስፌውን ለጎረቤት ሰጠሁት። ሐኪሙ ያዘዘኝ መድኃኒት ምንም አለማድረግ ነው ለማለት ይቻላል፤ ለእኔ ዓይነት ሰው ከዚያ የመረረ የለም። አንድን ነገር በመጎርጎር እንደሚጸዳ አምኜ ነው ስድሳ ዓመት የኖርኩት፤ በጥፍር ብቻም አይደለም።

በየወሩ በሃያ አንድ፣ ወደ ማኅበር ከመሄዴ በፊት፣ ጥፍሮቼን በፀሐይ አያለሁ። በጥቅምት ከሥር ሮዝ የሆነ ነገር ብቅ አለ። በኅዳር ከፍ አለ። በታኅሣሥ የግራ አውራ ጣቴ አረንጓዴ ሆነ፤ ጓንቴ ቀዳዳ ኖሮት ውሃ ሲገባ ዝም ብዬ ሠርቼበት ነው። ሞጣ ተመልሼ ሄድኩ፤ በጠብታ የሚደረግ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ጠፋልኝ። ነጋዴዋ «እኔን ናፍቀሽ ነው አውራ ጣትሽን ያበላሸሽው» አለችኝ። ውሸት አልነበረም። በመጋቢት ሁሉም ጥፍሮቼ፣ ያ አውራ ጣት ሲቀር፣ እስከ ጫፋቸው ከሥጋዬ ጋር ተያይዘው ነበር። በግንቦት እሱም ደረሰ።

ሰኔ ሃያ አንድ ደግሞ መጣ። ተራው ሲጠራ ተነሣሁ፤ እጄን ዘረጋሁ። ሁሉም ጣቶቼን ያያሉ። አጭር፣ ቀለም የሌለው፣ ሙሉ ጥፍር። ቄሱ የባሌን እህት አዩዋት። ማኅበሩን ከሁላችን በፊት የጀመረች እሷ ናትና።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች።

«ማርያም ትመስገን» አልኩ። «የማረችኝ ግን ከበረኪና ነው፣ እታለም።»

አንዲት ሴት አሳላት። ቄሱ ጽዋውን ሰጡኝ።

ለሐምሌ ድግስ ማንንም አላስጠጋሁም። ሽንኩርቱን ላጥሁ፣ ዳቦውን አቦካሁ፣ ጠላውን ጠመቅሁ። ጓንት ያደረግሁት ለውሃው ብቻ ነው፤ ምግቡን የነካሁት በባዶ እጄ ነው። ይታይ ብዬ። ዐሥራ አንዱም መጡ። እሷም መጣች፤ ትቀራለች ብዬ ነበር። አልቀረችም፤ ይህን አልነፍጋትም።

በሉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ እንደ ሰው። መሶቡ ሲጋመስ እንደ ባለቤት ወጉን ላደርስ ተነሣሁና ማጉረስ ጀመርኩ። ከዳር ይዤ ተራ በተራ፤ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና፣ በአገራችን አንድ ብቻ አጉርሶ የሚተው ሰው የለም። እሷ ዘንድ ደረስሁ። ጉርሻውን ጠቅልዬ ያዝኩ። ጣቶቼን አየቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሴቶቹ መብላታቸውን አቆሙ። ከዚያ አንገቷን ወደ እኔ ሰገግ አድርጋ አፏን ከፈተች።

አጎረስኳት። ከንፈሯ ጣቴን ነካው። አኘከች፤ ዋጠች። ከዚያ ሁለተኛውን እየጠበቀች አፏን እንደገና በትንሹ ከፈተች።

ጣቶቼን በመሶቡ ዳር ጠረግሁና ከእሷ ቀጥላ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞርኩ። ያችኛዋን ሁለት አጎረስኳት።